«አቅም ያለው በቀጥታ ኢምፕላንት ያስተክል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን የመስማት ችግር ያለባቸው ልጆች ወላጆች እርስ በርስ ሲቀባበሉት የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ፍሬ ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው፦ የልጁ የመስማት መቀነስ ከ70 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ካለፈ ጆሮ ላይ የሚደረገው የመስሚያ መሣሪያ ገንዘብና ጊዜ ማባከን ነው፤ አቅም ያለው በቀጥታ ኮክሌር ኢምፕላንት፣ ማለትም በቀዶ ሕክምና የውስጥ ጆሮ ውስጥ የሚገባውን የመስሚያ ዕቃ፣ ያስተክል፤ ቀዶ ሕክምናው ካለቀ ነገሩ አለቀ፤ ሐኪሙ «መጀመሪያ መሣሪያ ሞክሩ» ካለ ስድስት ወር መጠበቅ ማንንም አይጎዳም፤ ልጁ ደካማ ከሆነም አምስት ስድስት ዓመት እስኪሞላው ቢቆይ ችግር የለውም፤ መሣሪያ የተረፈውን መስማት ያደክማል፤ የምልክት ቋንቋ ልጁን ከመናገር ያዘናጋዋል፤ ለአረጋውያን ደግሞ ሁለቱም ብዙ አይጠቅሙም።

ጸሐፊው በቅንነት እንደጻፈው አንጠራጠርም። ስለ ኢምፕላንት በአማርኛ የሚነበብ ነገር እምብዛም በማይገኝበት ጊዜ ይህን ያህል መድከሙም ያስመሰግነዋል። ይሁን እንጂ ይህን ምክር ይዞ ዕቁቡን አስቀድሞ የሚያወጣ፣ ከዘመድ የሚበደር፣ ውጭ አገር ለመሄድ የሚነሣ ወላጅ አለ። ምክሩ ሲሳሳት ደግሞ የሚጠፋው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ልጁ ቋንቋ የሚይዝበት ዕድሜም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ እንመልሳለን።

«መሣሪያው ድምፅ ያጎላል፤ ኢምፕላንቱ ግን መስማትን ይመልሳል»

የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። የመስሚያ መሣሪያ ድምፅ በማይክሮፎን ተቀብሎ፣ አጉልቶ ወደ ጆሮ ያስገባል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ የጆሮው ነው። ኮክሊያ በተባለው የቀንድ አውጣ ቅርጽ ባለው የውስጥ ጆሮ ክፍል ውስጥ በሕይወት የተረፉ የፀጉር ሕዋሳት ድምፁን ወደ ነርቭ መልእክት መለወጥ አለባቸው። በጤናማ ጆሮ ውስጥ እነዚህ ሕዋሳት ወደ 15,000 ይጠጋሉ። በአንድ ቦታ ያሉት ሙሉ በሙሉ ካለቁ ግን ድምፁ የቱንም ያህል ቢጎላ እዚያ ቦታ ላይ የሚቀበለው የለም።

ኢምፕላንት እነዚህን ሕዋሳት ያልፋቸዋል። ከጆሮ ጀርባ የሚደረገው ፕሮሰሰር ድምፁን ተንትኖ ማግኔት ባለው ክብ ኮይል በኩል ከቆዳ ሥር ወደተተከለው ተቀባይ ይልካል፤ ተቀባዩም ኮክሊያ ውስጥ በገባው ቀጭን የኤሌክትሮድ ገመድ አማካኝነት የመስማት ነርቩን በቀጥታ በኤሌክትሪክ ይነካዋል። ከአምራቾቹ የኦስትሪያው ሜድኤል 12፣ የአሜሪካው አድቫንስድ ባዮኒክስ 16፣ የአውስትራሊያው ኮክሌር ኩባንያ 22 ኤሌክትሮድ ይጠቀማሉ። የ15,000 ሕዋሳትን ሥራ ቢበዛ 22 ነጥቦች ተክተው ሲሠሩት ውጤቱ የሚያስደንቅ ነው፤ ግን «መመለስ» አይባልም። ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት የሚደረግ ንግግር ብዙዎች በደንብ ይከታተላሉ። ሠርግ ቤት፣ ታክሲ ውስጥ፣ ብዙ ሰው በአንዴ በሚያወራበት ቦታ ግን ይቸገራሉ፤ የዜማን ከፍታና ዝቅታ መለየትም ይከብዳቸዋል። ኮይሉ ከራስ ላይ ሲወርድ ደግሞ መስማቱ ያኔውኑ ይቆማል። ኤሌክትሮዱ ሲገባ ጆሮው ውስጥ የነበረው ቀሪ መስማት ሊጠፋ እንደሚችልም ከወዲሁ መታወቅ አለበት።

አንድ ሌላ ነገር ጽሑፉ ጨርሶ አላነሣም። ኢምፕላንቱ የሚነካው ነርቭ መኖር አለበት። የመስማት ነርቭ ሳይኖራቸው የተወለዱ ወይም ነርቫቸው በጣም የቀጠነ ልጆች አሉ፤ ለእነሱ የተለመደው ኢምፕላንት ምንም ላይሰጥ ወይም ጥቂት ብቻ ሊሰጥ ይችላል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ኤምአርአይ የሚታዘዘው ነርቩን ለማየት፣ ሲቲ ስካን ደግሞ የአጥንቱንና የኮክሊያውን ቅርጽ ለማየት ነው። ኤምአርአይ ሳያይ የቀዶ ሕክምና ቀን የሚቆርጥ ማዕከል ካጋጠማችሁ ለምን ብላችሁ ጠይቁ።

«ከ70 ዴሲቤል በላይ ከሆነ መሣሪያ አይረባም»

የጽሑፉ ትልቁ ስሕተት ይህ ነው። አንድ ቁጥር ይህን ውሳኔ አይወስንም።

ሁለት ልጆችን እናነጻጽር። የአንደኛው ኦዲዮግራም (የመስማት ምርመራው ሠንጠረዥ) በ500 ሄርዝ (የድምፁ ቅጥነት መለኪያ) 75፣ በ1000 ላይ 80፣ በ2000 ላይ 80፣ በ4000 ላይ 85 ዴሲቤል ያሳያል። የሁለተኛው ደግሞ በ500 ላይ 40፣ በ1000 ላይ 70፣ በ2000 ላይ 100፣ በ4000 ላይ 110 ነው። የሁለቱም አማካይ 80 ይመጣል። በጥሬው ስሌት መሣሪያ ከመስማት መቀነሱ ግማሽ ያህሉን ያካክሳል እንበል። የመጀመሪያው ልጅ በሁሉም ድምፆች ላይ ወደ 40 ዴሲቤል አካባቢ ይደርሳል፤ የንግግር ድምፆች ኦዲዮግራሙ ላይ በግምት ከ20 እስከ 55 ዴሲቤል ባለው ክልል ስለሚበተኑ በቅርብ የሚነገረውን አብዛኛውን ያገኘዋል። ሁለተኛው «ም» እና «ኡ» ጥርት ብለው ይሰሙታል፤ «ስ»፣ «ሽ» እና «ፍ» ግን ከፍ ባለው ሄርዝ ላይ ስለሚያርፉ ከነመሣሪያውም አይደርሱትም። «ሰማ» እና «ሸማ» ለእሱ አንድ ቃል ናቸው። በአማካይ እኩል የሆኑት ሁለት ልጆች ሁለት የተለያየ መንገድ ያስፈልጋቸዋል፤ ሁለተኛው ልጅ ዝቅ ባለው ሄርዝ ላይ ያለው መስማት ከተረፈለት ዝቅተኛውን በማጉላት፣ ከፍተኛውን በኤሌክትሮድ የሚሰጥ የተጣመረ ፕሮሰሰርም አለ።

ታላላቆቹ መመሪያዎችም የሚሉት ይህንኑ ነው። ናይስ የተባለው የብሪታንያ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ያለ መሣሪያ በሚደረግ ምርመራ ከ500፣ 1000፣ 2000፣ 3000 እና 4000 ሄርዝ ውስጥ ቢያንስ በሁለቱ ላይ፣ በሁለቱም ጆሮ፣ 80 ዴሲቤል ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት ይላል። ይህ ብቻውን ግን አይበቃም፤ በደንብ ከተገጠመ መሣሪያ በቂ ጥቅም አለመገኘቱ መረጋገጥ አለበት። ከላይ ያየናቸው ሁለቱም ልጆች የመጀመሪያውን መስፈርት ያልፋሉ፤ የሚለያቸው ሁለተኛው ነው። በአሜሪካ ለአዋቂዎች «60/60» የሚባል መመሪያ በስፋት ይሠራበታል፦ በተሻለው ጆሮ አማካዩ 60 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ያለ መሣሪያም በትክክል የሚደግሟቸው ቃላት 60 በመቶና ከዚያ በታች ከሆኑ ወደ ኢምፕላንት ምርመራ ይላኩ ማለት ነው። ምርመራ እንጂ ቀዶ ሕክምና አላለም።

«በደንብ የተገጠመ» የሚለው ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ወላጅ «መሣሪያ ሞክረን አልሠራም» የሚለው እዚህ ጋ ነውና። አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው። የሕፃን ጆሮ በፍጥነት ያድጋል። በጆሮው ልክ ተሠርቶ ጆሮው ውስጥ የሚሰካው ሞልድ ይላላል፤ በክፍተቱ የሚያፈተልከው ድምፅ ተመልሶ ማይክሮፎኑ ውስጥ ይገባና መሣሪያው ይጮኻል። ወላጅ ጩኸቱ ሲያስጨንቀው ድምፁን ይቀንሰዋል፣ ወይም ባለሙያው ኃይሉን ይቀንስለታል። ጩኸቱ ይቆማል፤ ልጁም መስማት ያቆማል። ከዚያ «መሣሪያው አይሠራለትም» ተብሎ ይጻፋል። ከእጅ አይሻል ዶማ የሆነው መሣሪያው ሳይሆን ሞልዱ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ሞልድ በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ፣ ከዚያ በኋላ በየሦስት እስከ ስድስት ወሩ መቀየር ሊኖርበት ይችላል። መሣሪያውን ከሞልዱ የሚያገናኘው ቱቦም ሲደርቅና ሲጠነክር፣ ቢበዛ በስድስት ወር ውስጥ ይቀየራል። ቱቦው ውስጥ የውሃ ጠብታ ወይም ጫፉ ላይ ኩክ ካለ ድምፅ አያልፍም፤ ጠዋት ጠዋት ወደ ብርሃን አንሥቶ ማየት ነው።

ሁለተኛው የውድቀት ምክንያት ልኬት አለመኖሩ ነው። ኮምፒዩተሩ በራሱ ግምት የሚያወጣው የመጀመሪያ ማስተካከያ ብዙ ጊዜ ድምፁ ያነሰ ነው። ትክክለኛው አሠራር ቀጭን የማይክሮፎን ቱቦ ጆሮ ውስጥ አስገብቶ ታምቡሩ አጠገብ ምን ያህል ድምፅ እንደደረሰ መለካት፣ ውጤቱንም ዲኤስኤል ወይም ናል ከተባሉት ቀመሮች ዒላማ ጋር ማነጻጸር ነው። ወረቀቱን ጠይቁ። መሣሪያው ዒላማውን ሳይመታ የተደረገ ሙከራ እንደ ሙከራ አይቆጠርም።

ባትሪም አለ። በዚንክና በአየር የሚሠሩት ትንንሽ ባትሪዎች ከለር አላቸው፦ 675 ሰማያዊ፣ 13 ብርቱካናማ፣ 312 ቡናማ፣ 10 ቢጫ። ተለጣፊው ሲነሣ አየር መግባት ይጀምራል፤ ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ቢገባ በሙሉ ኃይሉ አይሠራም። አንዴ ከተላጠ ደግሞ ተጠቀማችሁበትም አልተጠቀማችሁበትም እያለቀ ይሄዳል፤ ተለጣፊውን መልሶ መለጠፍ አያድነውም።

ቤት ውስጥ በየጠዋቱ የሚደረግ ፈተና ደግሞ ምንም አያስወጣም። ኣ፣ ኡ፣ ኢ፣ ም፣ ሽ፣ ስ፣ እነዚህ ስድስት ድምፆች ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ሄርዝ ያለውን የንግግር ክልል ይሸፍናሉ። ከልጁ ጎን ወይም ጀርባ ሆናችሁ በአንድ ሜትር፣ ቀጥሎ በሦስት ሜትር ርቀት፣ በተራ ድምፅ አንድ በአንድ በሉ፤ አፋችሁን በእጅ አትሸፍኑ፣ ድምፁን ይለውጠዋል። በድምፆቹ መካከል ያለውን ጊዜ አለዋውጡ፤ ካልሆነ ልጁ ተራውን ጠብቆ ይመልሳል። ማስታወሻ ላይ መዝግቡት። ሞልዱ ልክ ሆኖ፣ ልኬቱ ዒላማ መትቶ፣ ለሳምንታት «ሽ» እና «ስ» አልያዝ ካሉ ይህ ለባለሙያው ትልቅ ማስረጃ ነው።

ሌላው ጽሑፉ የዘለለው የችግሩን ዓይነት ነው። ታምቡራቸው ተበስቶ ለዓመታት ጆሯቸው የሚፈስ ልጆች በአገራችን ብዙ ናቸው። ችግሩ የውጭና የመካከለኛው ጆሮ ሲሆን ከአንገት በላይ ሐኪም ጋ የሚታከም፣ በቀዶ ሕክምና የሚጠገን፣ ወይም በተራ መሣሪያ አለያም በአጥንት በኩል በሚያስተላልፍ መሣሪያ የሚረዳ ነው። ከውስጥ ጆሮ ችግር ጋር ሲደባለቅ ቁጥሩ ከ70 ሊያልፍ ይችላል፤ ኢምፕላንት ግን መጀመሪያ የሚታሰብ መፍትሔ አይደለም። በአየርና በአጥንት የሚደረጉት ሁለቱም ምርመራዎች መሠራታቸውን ኦዲዮግራሙ ላይ አረጋግጡ። እንዲሁም ኦኤኢ የተባለው የውስጥ ጆሮ ምርመራ ደህና አሳይቶ ኤቢአር የተባለው የመስማት ነርቭ ምርመራ የተበላሸባቸው ልጆች አሉ፤ ችግራቸው ከነርቩ መልእክት መዛባት ስለሚመጣ የኤቢአር ቁጥራቸው ትክክለኛ መስማታቸውን አይናገርም። የእነሱ ውሳኔ ለድምፅ የሚሰጡትን ምላሽ በማየት እንጂ በዚያ ወረቀት አይወሰንም።

«ስድስት ወር መጠበቅ ማንንም አይጎዳም»

ይህ ዓረፍተ ነገር ቶሎ ቢታረም ደስ ይለናል። በማጅራት ገትር ምክንያት መስማት ያጣ ልጅ ስድስት ወር አይጠብቅም። ከባክቴሪያው ማጅራት ገትር በኋላ ኮክሊያው ውስጥ ጠባሳና አጥንት መሙላት በሳምንታት ውስጥ ሊጀምር ይችላል፤ ከሞላ በኋላ ኤሌክትሮዱን ማስገባት አስቸጋሪ፣ አንዳንዴም የማይቻል ይሆናል። ኢትዮጵያ በአፍሪካ የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ያለች አገር ናት። ከዚህ በሽታ የዳነ ልጅ ሁሉ ከሆስፒታል ሳይወጣ፣ ካልሆነም ለምርመራ በበቃ በአራት ሳምንት ውስጥ መስማቱ መለካት አለበት። ከባድ መቀነስ ከታየ ኤምአርአይና የኢምፕላንት ማዕከል ሳይውል ሳያድር ነው።

ለሌሎቹ ሕፃናት ሙከራው ያስፈልጋል፤ በሚገባ ከተሠራበት ግን ብዙውን ጊዜ ሦስት ወር ይበቃል። በሚገባ ማለት ልጁ ነቅቶ ባለበት ሰዓት ሁሉ ማለት ነው። ዘመናዊ መሣሪያዎች በቀን ስንት ሰዓት እንደተደረጉ በውስጣቸው ይመዘግባሉ፤ ባለሙያው ሲከፍተው በቀን ሁለት ሰዓት ካሳየ የተሞከረ ነገር የለም። ሦስቱን ወርም በከንቱ አታሳልፉት፦ ኤምአርአዩን አስነሡ፣ የክትባት ካርዱን አውጡ። ኢምፕላንት ያለበት ሰው ኒሞኮካል በተባለው ባክቴሪያ ለሚመጣ ማጅራት ገትር ያለው ተጋላጭነት ከሌላው ከፍ ስለሚል ክትባቱ ከቀዶ ሕክምናው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ መጠናቀቅ አለበት። የኒሞኮካል ክትባት በኢትዮጵያ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመደበኛው የሕፃናት ክትባት ውስጥ ገብቷል፤ ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት ላለፉት ደግሞ ተጨማሪ ዓይነት ስለሚታዘዝ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

«አምስት ስድስት ዓመት እስኪሞላው ቢቆይ»

አይቻልም፤ ቢያንስ ከተወለደ ጀምሮ ለማይሰማ ልጅ። አንጎል ድምፅን ለመተርጎም የሚደራጅበት ጊዜ የተወሰነ ነው። ያለ ምንም ድምፅ ካለፈ የመስማት ክፍሉ ለሌላ ሥራ ይውላል። እስከ 3 ዓመት ተኩል ድረስ የተተከለላቸው ልጆች የአንጎል ምላሽ ከሚሰሙ ልጆች ጋር ሲቀራረብ ይታያል፤ ከ7 ዓመት በኋላ ይህ የሚሆነው ጥቂት ላይ ነው። የአሜሪካ የመድኃኒትና ምግብ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት በ2020 እ.ኤ.አ. ለአንዱ አምራች ዝቅተኛውን ዕድሜ ከ12 ወር ወደ 9 ወር ያወረደው በዚህ ምክንያት ነው። ልጁ ከሌላ ሕመም ጋር እየታገለ ከሆነ መዘግየቱ የግድ ሊሆን ይችላል፤ ያኔም መሣሪያውና ቋንቋው ሳይቋረጡ ነው።

እስካሁን በመሣሪያ ሲሰማና ሲናገር ቆይቶ መስማቱ እየቀነሰ የመጣ የ8 ዓመት ልጅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ አንጎሉ ድምፅ ያውቃል፣ ከኢምፕላንት ብዙ ሊጠቀም ይችላል። በ10 ዓመቱ ድምፅ ሰምቶ ለማያውቅ ልጅ ደግሞ እውነቱን መናገር ይሻላል። የመኪና ጥሩንባ፣ የበር ድምፅ፣ ስሙ ሲጠራ ሊሰማ ይችላል፤ ንግግርን በመስማት ብቻ መከታተል ግን ለአብዛኞቹ አይሆንም። ለእንዲህ ያለው ቤተሰብ ንብረት ሸጦ ውጭ መሄድን የሚመክር ጽሑፍ ይህን ሳይነግረው ማለፉ ያሳዝናል።

«ቀዶ ሕክምናው ካለቀ ነገሩ አለቀ»

ያኔ ነው የሚጀምረው። ቀዶ ሕክምናው በሙሉ ማደንዘዣ፣ ለአንድ ጆሮ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ልጁ ከክፍሉ ሲወጣ ምንም አይሰማም። ፕሮሰሰሩ የሚበራው ቁስሉ ሲድን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት በኋላ ነው። በዚያ ቀን የሚያለቅስ ልጅ አለ፣ ዝም የሚልም አለ፤ ሁለቱም የተለመደ ነው።

ቀጥሎ ማፒንግ ይመጣል። ባለሙያው ለእያንዳንዱ ኤሌክትሮድ ልጁ መስማት የሚጀምርበትን ዝቅተኛ መጠንና ሳይረብሸው የሚችለውን ከፍተኛ መጠን ይወስናል። ነርቩ እየለመደ ሲሄድ እነዚህ መጠኖች ይለወጣሉ። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደጋግሞ፣ ከዚያ በ1ኛው፣ በ3ኛው፣ በ6ኛውና በ12ኛው ወር ገደማ፣ ቀጥሎም በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ መስተካከል አለባቸው። ሕንድ ሄዶ አስተክሎ ከተበራ በሳምንቱ ወደ አገሩ የተመለሰ ልጅ ዝቅ ባለው በመጀመሪያው ማፕ ላይ ለዓመት ተቀምጦ ቢገኝ «ኢምፕላንቱ አልሠራም» ይባላል። ፕሮሰሰሩ ላይ ደረጃ በደረጃ የሚጎሉ ፕሮግራሞች ተጭነው ከሆነ ከአንዱ ወደ ቀጣዩ የምታልፉበትን ቀን በጽሑፍ ተቀበሉ። ከርቀት በኢንተርኔት የሚደረግ ማፒንግም አለ፤ የአሜሪካው ተቆጣጣሪ ለአንዱ አምራች ይህን የፈቀደው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። የእናንተ ማዕከል ይሰጣል ወይ? በምን ያህል ዋጋ? ከመክፈላችሁ በፊት መልሱን ያዙ።

ከዚያ ዕቃው ነው። ከሁሉ ቀድሞ የሚበላሸው ፕሮሰሰሩን ከኮይሉ የሚያገናኘው ቀጭን ኬብል ነው፤ ልጅ ይጎትተዋል፣ ሲተኛ ይታጠፋል። ትርፍ ኬብል ቤት ውስጥ የሌለው ቤተሰብ ከውጭ እስኪመጣ ልጁን ለሳምንታት ያለ ድምፅ ያቆየዋል። ድምፅ ሲጠፋ በዚህ ቅደም ተከተል ፈልጉ፦ መጀመሪያ ባትሪውን ቀይሩ፣ ቀጥሎ ኬብሉን፣ ቀጥሎ ኮይሉን፣ በመጨረሻ ፕሮሰሰሩን። ሁሉም ተቀይሮ ካልመጣ ጥርጣሬው ከቆዳ ሥር ወዳለው ክፍል ይዞራል፤ ያን የሚያረጋግጠው ማዕከሉ ብቻ ነው።

መብራት በሚጠፋበት አካባቢ ሁለት ጥንድ የሚሞሉ ባትሪዎችና ፓወር ባንክ ግድ ናቸው። በሚጣሉ ባትሪዎች የሚሠራ ከሆነ ተራውን 675 አትግዙ፤ ለኢምፕላንት ተብሎ የተሠራው ከፍተኛ ኃይል የሚሰጠው ነው፤ ተራው ቶሎ ኃይሉ ስለሚወርድ ፕሮሰሰሩ ይቋረጣል። ማታ ማታ እርጥበት ማድረቂያ ሣጥን ውስጥ ይደር፤ የማድረቂያው ካፕሱል በየሁለት ወሩ ገደማ ይቀየራል። በክረምት ይህ ሣጥን የማይክሮፎኑን ዕድሜ ያረዝማል።

ስለ ፀጉር ማንም አይናገርም፣ እኛ ግን እንናገር። ወፍራም ሹሩባ ኮይሉ የሚያርፍበት ላይ ከተሠራ ማግኔቱ ከውስጠኛው ስለሚርቅ ኮይሉ ይወድቃል ወይም ምልክቱ ይቆራረጣል። ወላጅ ያኔ ጠንካራ ማግኔት ይጠይቃል። ጠንካራው ማግኔት ሹሩባው በተፈታ ቀን ቆዳውን ይጨቁነዋል፤ ቆዳው ይቀላል፣ ይቆስላል፣ ሥር ከሰደደ መሣሪያውን እስከማስወጣት ሊያደርስ ይችላል። ሹሩባውን ኮይሉ የሚያርፍበትን ቦታ ትቶ መሥራት ወይም እዚያ ያለውን ፀጉር ማሳጠር ይሻላል፤ ቦታውን ደግሞ በየቀኑ እዩት። ሻሽ ወይም ሂጃብ ማይክሮፎኑ ላይ ሲሸፈን የሚያንኳኳ ድምፅ ይሰጣል፤ ሳሳ ያለ ጨርቅ ምረጡ። ለገላ መታጠብም ሆነ ለጸበል ፕሮሰሰሩ ይውለቅ፤ ቁስሉ ከዳነ በኋላ ከቆዳ ሥር ያለው ክፍል ውሃ አይፈራም።

ለማንኛውም ሐኪም ልጁ ኢምፕላንት እንዳለው ቀድማችሁ ንገሩ። ሞኖፖላር የሚባለው በኤሌክትሪክ የሚቆርጥና ደም የሚያቆም መሣሪያ በራስና በአንገት አካባቢ አይደረግለትም። ኤምአርአይ የሚቻለው በሞዴሉ መሠረት ነው፤ አንዳንዱ ማግኔቱ እንዲወጣ ይጠይቃል። የጆሮ ኢንፌክሽን ከታየ በቤት ውስጥ ጠብታ አይታለፍም። ትኩሳት ከራስ ምታትና ከአንገት መገተር ጋር ከመጣ ደግሞ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል።

ወጪውን «አንዴ ብቻ» ማለትም ልክ አይደለም። ውጫዊው ፕሮሰሰር ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ጊዜ መቀየር ይፈልጋል፤ አምራቹ ለቆየ ሞዴል መለዋወጫ ማምረት ያቆማል። ስለዚህ ገንዘብ ከመላክ በፊት እነዚህን በጽሑፍ ጠይቁ፦ የፕሮሰሰሩ ዋስትና ስንት ዓመት ነው፣ ከኢትዮጵያ ሆኖ ይሠራል ወይ? በጥቅሉ ውስጥ ስንት ኬብልና ስንት ባትሪ አለ? የማፒንግ ስንት ቀጠሮ ተካትቷል? ይህን የአምራች ሶፍትዌር የሚያውቅ ባለሙያ የምንኖርበት አገር ውስጥ አለ? የመጨረሻው መልስ «የለም» ከሆነ ሌላውን አምራች አስቡ፤ የቅርብ ባለሙያ ከአንድ ተጨማሪ ኤሌክትሮድ ይበልጣል።

«መሣሪያ የተረፈውን መስማት ያደክማል»

ከፍተኛ ድምፁ በልኬት ተወስኖ የተገጠመ መሣሪያ አያደክምም። የሚያሰጋው ያለ ምርመራ የሚገዛው ሁሉንም ድምፅ እኩል የሚያጎላ ማጉያ ነው። በአሜሪካ ከጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለ ማዘዣ የሚሸጡት መሣሪያዎችም ዕድሜያቸው 18 ለሞላና መቀነሳቸው ቀላል ወይም መካከለኛ ለሆነ ብቻ ናቸው፤ ከባድ ችግር ላለበት ልጅ በሻንጣ አትላኩላቸው።

«የምልክት ቋንቋ ያዘናጋዋል»፣ «አማርኛውን ትታችሁ አንድ ቋንቋ ብቻ»

ምልክት የሚያውቅ ልጅ በዚያ ምክንያት መናገር እንዳቆመ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ቋንቋ ሳይኖረው ኢምፕላንትን የሚጠብቅ ልጅ ግን በእርግጥ ይጎዳል። ፕሮሰሰሩ በገላ መታጠቢያ፣ በእንቅልፍ፣ ኬብል በተበጠሰበት ሳምንት ይጠፋል፤ በዚያ ሰዓት እናትና ልጅ በምን ይነጋገራሉ? የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ያለው፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ደረጃ የሚያስተምረው ቋንቋ ነው።

በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ ወይም በስቶክሆልም ለሚኖሩ ወላጆች ደግሞ፦ ቀድሞ ሐኪሞች «በአንድ ቋንቋ ብቻ አናግሩት» ይሉ ነበር። ሳይዘገዩ መሣሪያ ያገኙ ልጆች ሁለት ቋንቋ መያዝ እንደሚችሉ ከታየ ቆየ። አንድ ወላጅ በተሰበረ እንግሊዝኛ ከሚያናግረው በሚያምር አማርኛው ቢያናግረው ለልጁ ይሻለዋል። የቃላት ፈተናው ልጁ ቤት ውስጥ በማይሰማው ቋንቋ ብቻ ከተሰጠ ግን ውጤቱ መስማቱን ሳይሆን የቋንቋ ዕውቀቱን ይለካል፤ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ልጁ የሚያውቃቸውን የአማርኛ ቃላት ዝርዝር ይዛችሁ ሂዱ።

«ለአረጋውያን ብዙ አይጠቅምም»

በዕድሜ የሚመጣው መቀነስ ለአብዛኞቹ በመሣሪያ ይረዳል። መሣሪያው ተለክቶ ተስተካክሎም አባታችን ወይም እናታችን ስልክ ላይ ቃል መለየት ካቃታቸው ዕድሜያቸው ብቻውን ከኢምፕላንት ምርመራ አያግዳቸውም፤ ከ80 ዓመት በላይ ሆነው የተጠቀሙ አሉ። የበለጠ የሚወስነው ሳይሰሙ የቆዩበት ዘመን ርዝመት ነው። በአሜሪካ ሜዲኬር የተባለው የአረጋውያን የመንግሥት ጤና መድን በ2022 እ.ኤ.አ. መስፈርቱን አላልቶ በመሣሪያ ሆነው 60 በመቶና ከዚያ በታች ዓረፍተ ነገር ለሚይዙ ኢምፕላንት ይሸፍናል፤ መደበኛው ሜዲኬር ተራ የመስሚያ መሣሪያ ግን አይሸፍንም።

ጽሑፉ ከዳር እስከ ዳር «ወይ ይህ ወይ ያ» እያለ ይሄዳል። አንዱ ጆሮ ተተክሎለት ሌላው ጆሮ ጥቂት የሚሰማ ከሆነ እዚያኛው ላይ መሣሪያው ይቀጥላል፤ ዝቅ ያሉ ድምፆችን፣ የንግግሩን ዜማና የተናጋሪውን ማንነት የሚያደርሰው እሱ ነው። ኢምፕላንቱ ከበራ በኋላ መሣሪያውን መሳቢያ ውስጥ የከተተ ቤተሰብ ያውጣው። ሞልዱ እስካሁን ላልቶ ሊሆን ስለሚችል አዲስ ይለካለት፤ የሁለቱ ጆሮ ድምፅ እኩል እንዲጎላም ማፒንግ በሚሠራው ባለሙያ ፊት ሁለቱንም በአንድ ቀጠሮ አስተካክሉ።